ጀምበር እስክትጠልቅ፦ የእርሻ ሠራተኛና የትርፍ ሰዓት ክፍያ በጎጃም

ኅዳር ላይ ፍኖተ ሰላም አድሬ ነበር። ጎህ ሲቀድ ከዋናው መንገድ ዳር ሃያ የሚሆኑ ልጆች ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ቆመዋል። ለአጨዳ የሚወስዳቸውን ሰው እየጠበቁ ነው። ብርዱ ያንዘፈዝፋል። አንዱን ጠጋ ብዬ አወራሁት። የቀን ዋጋውን ነገረኝ። ምሳ ከማሳው ባለቤት እንደሆነ፣ ማደሪያም እንዳለ ነገረኝ። "በቀን ስንት ሰዓት ነው የምትሠሩት?" አልኩት። ግራ ገባው። "አያ፣ አጨዳ ደግሞ በሰዓት ነው እንዴ? ጀምበር እስክትጠልቅ ነዋ!" አለኝ።

መልሱ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ልጁ ሥራውን አሳምሮ ያውቃል። ጤፍ ሲደርስ ቀን አይሰጥም። ትንሽ ከቆየ ይረግፋል፤ ዝናብ ካገኘው ይበላሻል። ስለዚህ አጫጅ ሰዓት አያይም፣ ሰማይ ነው የሚያየው። ልጁ ያልሰማው ነገር ቢኖር የአገሩ ሕግ እሱን በሰዓት የሚቆጥረው መሆኑን ነው። ከስምንት ሰዓት በላይ የሠራው እያንዳንዱ ሰዓት የተለየ ዋጋ አለው። ያ ዋጋ ስሙ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው። ከተሜው ኦቨርታይም ይለዋል።

ነገሩን ከሕጉ ልጀምር። አሁን የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ይህ አዋጅ የእርሻ ሠራተኛን ለይቶ ወደ ውጭ አላወጣም። ድርጅት ማለት ምን እንደሆነ ሲተረጉም ንግድን፣ ኢንዱስትሪን፣ እርሻንና ኮንስትራክሽንን አንድ ላይ ነው የሚጠራው። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ይህ ለባንክ ጸሐፊም፣ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ሠራተኛም፣ ጎጃም ውስጥ ባለው ሰፊ የብር ሸለቆ እርሻ በቆሎ ለሚሸለቅቅ ሰውም እኩል ነው።

እዚህ ላይ የሌላ አገር ታሪክ ላንሣ፤ የኛን ሁኔታ አጥርቶ ያሳያልና። አሜሪካ የትርፍ ሰዓት ክፍያን በፌዴራል ሕግ የደነገገችው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ያ ሕግ የእርሻ ሠራተኛን በግልጽ ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ውጭ አደረገው። እስከ ዛሬም በፌዴራል ደረጃ እንደዚያው ነው። በቅርብ ዓመታት አንዳንድ ግዛቶች ይህን ለመቀየር ተነሡ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2016 ሕግ አወጣችና ከ2019 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ 8 ሰዓት ቀን አወረደችው። ዋሽንግተን ግዛት በ2021 ተከተለች። ኒው ዮርክ ከ60 ሰዓት ሳምንት ተነሥታ በ2032 ወደ 40 ልትደርስ ቀስ እያለች ነው። የዓለም የሥራ ድርጅትም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1919 ያወጣው የመጀመሪያው ስምምነት የስምንት ሰዓት ቀንን የደነገገው ለኢንዱስትሪ ነበር። እርሻ ውስጥ አልነበረም።

እዚያ ሠራተኛው የሚታገለው ሕጉ ውስጥ ለመግባት ነው። እኛ ጋ ሕጉ ውስጥ ገብቷል። ግን ማንም ሰዓቱን አይቆጥርለትም። ስለ ክፍያው መጠን ስንት ብንከራከር መጀመሪያ የሚባዛ ቁጥር ያስፈልጋል። ያልተመዘገበ ሰዓት በ1.5 ቢባዛ፣ በ2 ቢባዛ ዜሮ ነው።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። በአዋጁ መሠረት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75 ነው። በሳምንት የዕረፍት ቀን ከሆነ በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን ከሆነ በ2.5 ነው። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ለቀኑ 1.25፣ ለሌሊቱ 1.5 ብቻ ነበር የሚሰጠው። ስለዚህ የ2011ዱ አዋጅ ዋጋውን ከፍ አድርጎታል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው በቀን 400 ብር ተቀጠረ እንበል። ለ8 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 50 ብር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ይጀምራል፤ ማታ 12 ሰዓት ያቆማል። ለቁርስና ለምሳ በድምሩ አንድ ሰዓት ቢያርፍ 11 ሰዓት ሠርቷል። ሦስቱ ሰዓት ትርፍ ነው። እያንዳንዱ 75 ብር ያወጣል። ሦስቱ 225 ብር ይሆናል። ስድስት ቀን ከሠራ በሳምንት 1350 ብር ማለት ነው። መደበኛው የሳምንት ደመወዙ 2400 ብር ነበር። ከደመወዙ ግማሽ በላይ የሚሆን ገንዘብ ሳይጠራ፣ ሳይነገር ቀርቷል። የጤፍና የስንዴ አጨዳ አራት ሳምንት ቢቆይ 5400 ብር ይሆናል። ለአንድ የገበሬ ልጅ ይህ የበግ ዋጋ ነው፤ የደብተርና የዩኒፎርም ዋጋ ነው።

እዚህ ስሌት ውስጥ ሌላም ነገር አለ። በቀን ሦስት ሰዓት በስድስት ቀን 18 ሰዓት ነው። አዋጁ ደግሞ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል። ስለዚህ ያ አጫጅ ከገደቡ በላይ ነው የሚሠራው። ይህን ስናገር "እንግዲያውስ ከ12 በላይ ያለው ሕገ ወጥ ስለሆነ አይከፈልም" የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እንዲህ ያለ ነገር የለም። ገደቡ የተጻፈው ሠራተኛውን ከድካም ለመጠበቅ ነው። የጣሰው ያሠራው ሰው ነው። ጣሹ በጥፋቱ ተጠቅሞ ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ ሊያስቀር አይገባም።

ስለ ገደቡ ካነሣሁ አይቀር ብዙ ሰው ያላስተዋለውን ልጨምር። በቀድሞው አዋጅ ትርፍ ሰዓት በቀን 2፣ በወር 20፣ በዓመት ደግሞ 100 ሰዓት ብቻ ነበር። አሁን በሳምንት 12 ሆኗል፤ የዓመት ጣሪያም የለውም። በስሌት ብቻ ካየነው በዓመት እስከ 624 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ሰጥቶ መቀበል ነበር፤ ጣሪያው ከፍ ይላል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ክፍያው በትክክል በሚመዘገብበት ፋብሪካ ይህ ያስኬዳል። ምዝገባ በሌለበት እርሻ ግን ሠራተኛው የሰጠውን ሰጥቶ የሚቀበለውን አልተቀበለም። ጣሪያው ብቻ ነው ከፍ ያለው።

አሁን ወደ ማሳው እንመለስ። ሰዓቱ ለምን አይቆጠርም? ምክንያቱ የአሠሪ ክፋት ብቻ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። ጎጃም ውስጥ የእርሻ ሥራ በሰዓት አይለካም። በቀን ይለካል፣ በቁርጥ ይለካል፣ በዓመት ይለካል።

የቀኑን አይተናል። ቁርጥ ሌላ ጉድ አለው። አምስት ልጆች አንድ የጤፍ ማሳ በ6000 ብር አጭደው ሊከምሩ ተስማሙ እንበል። ሁለት ቀን ፈጀባቸው። በቀን 12 ሰዓት ሠሩ። እያንዳንዱ በቀን 600 ብር አገኘ። "ከቀን ሥራ ይሻላል" ብለው ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ነገር ግን 600ን ለ12 ሰዓት ብናካፍለው በሰዓት 50 ብር ነው። በቀን 400 ብር ለ8 ሰዓት ከሚሠራው ሰው አንድ ሳንቲም አይበልጥም። ያ ሰው አራት ሰዓት ጨምሮ በሕጉ ቢከፈለው ኖሮ 700 ብር ያገኝ ነበር። ቁርጥ የተሻለ የሚመስለው ሰዓቱን ስለሚደብቅ ነው።

በቁርጥ የሚሠራ ሰው ሠራተኛ ነው ወይስ ተቋራጭ የሚለው ጥያቄም አለ። አዋጁ በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት ሥራ የሚሠራን ሰው አይመለከትም። በእኔ አነባበብ መለያው ቀላል ነው። ልጆቹ ማሳውን ወስደው በፈለጉት ሰዓት ገብተው በፈለጉት ሰዓት የሚወጡ ከሆነ ተቋራጭ ይመስላሉ። ካቦ ከላያቸው ቆሞ "ቶሎ በሉ፣ ወደዚህ እለፉ፣ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ኑ" የሚላቸው ከሆነ ግን ሠራተኞች ናቸው። ክፍያው በቁርጥ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ትልልቅ እርሻዎች ውስጥ የማየው ሁለተኛውን ነው።

የዓመት ቅጥሩ ከሁሉም ከባዱ ነው። ጎጃም ውስጥ በዓመት የሚቀጠር ልጅ የሌለበት ሰፈር ጥቂት ነው። እህል ይሰጠዋል፣ ልብስ ይሰጠዋል፣ ገንዘብም ይጨመርለታል። ጠዋት ከብት ያወጣል፣ ያርሳል፣ ማታ ከብት ያስገባል፣ ሌሊት አውድማ ይጠብቃል። እኛም ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ነበር። እናቴ ከኛ ለይታ አታየውም ነበር፤ ከኛ ጋር በአንድ መሶብ ይበላል። ይሁን እንጂ ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው የእሱ ቀን መቼ ጀምሮ መቼ እንደሚያበቃ ከቤተሰቡ ውስጥ አንድም ሰው ሊናገር አይችልም ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ሄጄ ስመለስ እሱ ሥራ ላይ ነበር። ስተኛም ሥራ ላይ ነበር።

ሕጉ እዚህ ላይ ይላላል። አዋጁ ለትርፍ ላልሆነ ዓላማ የሚደረግ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አድርጓል። ለጓዳው ብቻ የሚያርስ ገበሬ የቀጠረው ልጅ ጉዳይ ስለዚህ አከራካሪ ነው። በቆሎና በርበሬ እያመረተ በኩንታል ለነጋዴ የሚጭን ገበሬ ጋ የተቀጠረው ግን የተለየ ነው ብዬ አምናለሁ። ቡሬና ወንበርማ ላይ በርበሬ የጓዳ ነገር ብቻ አይደለም፤ ገበያ ነው። ቆጋ መስኖ ላይ በበጋ የሚመረተው ስንዴና አቮካዶም ለገበያ ነው። ምርቱ ገበያ ከወጣ ጉልበቱም እንደ ገበያ ሊቆጠር ይገባዋል።

አዋጁ አሠሪ በፈለገ ጊዜ ሁሉ ትርፍ ሰዓት እንዲያሠራ አይፈቅድም። አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር፣ ያለማቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ የቀረን ሠራተኛ ለመተካት ሲያስፈልግ ነው። ኅዳር ላይ ደመና ቢጠቁርና ነዶው ሜዳ ላይ ቢሆን ይህ አስቸኳይ ነው። ማንም አይከራከርም። እኔ ራሴ ማጭድ አንሥቼ እሮጣለሁ። ግን አስቸኳይ የሚባለው ነገር አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ ከቀጠለ ስሙ ሌላ ነው። ያ የሰው እጥረት ነው። መፍትሔው ተጨማሪ ሰው መቅጠር ነበር። ብዙ አሠሪ ይህን የማያደርገው ትርፍ ሰዓቱ ነጻ ስለሆነለት ነው። ክፍያው አንድ ተኩል ቢሆንበት ሁለተኛ ሰው መቅጠር እንደሚሻለው ወዲያው ይታየው ነበር። በየአደባባዩ ሥራ አጥቶ የሚቆመው ልጅም ማሳ ውስጥ ይገባ ነበር።

ሌላ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር በዓል ነው። ጎጃም በዓል አክባሪ ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ፣ በየመሃሉም የአጥቢያው ታቦት አለ። ገበሬው በነዚህ ቀናት በሬ አይጠምድም። አዋጁ የሕዝብ በዓል የሚለው ግን በሕግ የተቆጠሩትን ነው፦ እንቁጣጣሽን፣ መስቀልን፣ ገናን፣ ጥምቀትን፣ ዐድዋን፣ ስቅለትን፣ ፋሲካን፣ የሠራተኞች ቀንን፣ ዒዶችንና መውሊድን የመሳሰሉትን። በወር በዓል የሠራ ሰው በዚያ ምክንያት ብቻ እጥፍ መጠየቅ አይችልም። ጥምቀት ቀን የሠራ ግን ለመደበኛው ሰዓት ሁለት እጥፍ፣ ከዚያ ላለፈው 2.5 ያገኛል። እሑድም በአብዛኛው የሳምንት ዕረፍት ቀን ነው። ዕረፍቱ ያልተቋረጠ 24 ሰዓት መሆን አለበት። እሑድ ያሠራ ሰው ከክፍያው በተጨማሪ የምትክ ዕረፍት ይሰጣል። ይህን ማወቅ ለአሠሪም ይጠቅማል። በማርያም ቀን ሠራተኛው አልሠራም ሲል እንደ ጥጋብ ከማየት ቀድሞ በሥራ ደንብ ተስማምቶ ዕረፍቱን ማስተካከል ይቻላል።

ስለ መጠበቅም አንድ ነገር ልበል። መውቂያ ማሽን እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ጥላ ስር የተቀመጠ ሠራተኛን ብዙዎች "ተቀምጦ ነበር" ብለው ሰዓቱን ይቀንሱበታል። አዋጁ የሥራ ሰዓት የሚለው ሠራተኛው ሥራውን የሚሠራበትን ብቻ አይደለም፤ ራሱን ለሥራ አዘጋጅቶ የሚገኝበትንም ጊዜ ነው። ማሽን መጠበቅ ሥራ ላይ መሆን ነው። ልጁ ወደ ቤቱ ሂድ አልተባለም።

ምዝገባው የማን ግዴታ ነው? የአሠሪው። ሕጉ ይህን በግልጽ ያስቀምጣል። ትርፍ ሰዓት የሚሠራው በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙንና እያንዳንዱ ሠራተኛ የሠራውን ሰዓት አሠሪው መመዝገብ አለበት። ክፍያውም በደመወዝ ቀን አብሮ ይከፈላል። የሥራ ውል በጽሑፍ ካልተደረገ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናውን ነገር ጽፎ፣ ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ይህ ወረቀት አለመኖሩ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። የኛ አጫጅ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት አይቶ አያውቅም። ለአንድ ወር ለሚቆይ ሥራ ማን ይጽፍለታል? ወቅታዊ ሥራ ራሱ በአዋጁ የታወቀ የቅጥር ዓይነት ነው። አጭር መሆኑ ከሕግ ውጭ አያደርገውም።

አንዲት ዘመዴ ባሕር ዳር አካባቢ ባለ አንድ የአበባ እርሻ ሠርታለች። አበባ ላይ የሚያስጨንቀው ወቅት የፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን ከመድረሱ በፊት ያለው ነው፤ በኛ ጥር መጨረሻና የካቲት መጀመሪያ። ያን ጊዜ ቀኑም ሌሊቱም አንድ ይሆናል። ክፍያ ወረቀቷ ላይ "ትርፍ ሰዓት" የሚል መስመር ነበር። አጠገቡ ብር ተጽፏል። ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ በስንት እንደተባዛ ግን የለም። "እታለም፣ ትክክል መሆኑን በምን አወቅሽ?" ስላት ከሻንጣዋ የልጇን አሮጌ ደብተር አወጣች። በየቀኑ የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት ጽፋለች። እሑዶቹን በቀይ እስክሪብቶ አክብባቸዋለች። አብረን ደምረን ስናየው የተከፈላት ከሚገባት በብዙ ያንስ ነበር። ደብተሩን ይዛ ሄደች። ተነጋገሩ። ሙሉውን ባይሆንም ጨመሩላት። ሌሎቹ ሴቶች ግን ደብተር አልነበራቸውም።

ከዚያ ወዲህ የእርሻ ሥራ ለሚሄድ ሰው ሁሉ ይህንኑ እላለሁ። ደብተር ያዝ። ቀኑን፣ የገባህበትን፣ የወጣህበትን፣ ያዘዘህን ካቦ ስም ጻፍ። መጻፍ የማትችል ከሆነ ከመሃላችሁ አንድ የተማረ ልጅ ለሁላችሁም ይጻፍ። ስልክ ያለው ሰው ማሳ ሲገባና ሲወጣ ፎቶ ቢያነሣ ሰዓቱን ስልኩ ይመዘግብለታል። ግዴታው የአሠሪው ቢሆንም፣ ዳኛ ፊት ባዶ እጅን ከማወዛወዝ ይህ ይሻላል።

መቁጠር ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ወንፈልን የሚያውቅ ይህን ያውቃል። አንተ ዛሬ እኔ ማሳ ላይ አንድ ቀን ዋልክ፤ እኔ ነገ አንተ ማሳ ላይ አንድ ቀን እውላለሁ። በሬ ያመጣ ሰው በበሬ ይመለስለታል። አንድ ቀን የጎደለበት ሰው ለዓመታት አይረሳውም፤ መንደሩም አይረሳም። አባቶቻችን ጉልበትን በትክክል ቆጥረው በትክክል መልሰዋል። ደቦ የተለየ ነው፤ ምግቡና ጠላው፣ ዘፈኑና መተሳሰቡ ነው። ያሳዘነኝ ግን አንዳንድ ባለ ትልቅ እርሻ "እንደ ደቦ ተባበሩኝ" እያለ ተቀጣሪን ማታ ሲያቆይ መስማቴ ነው። ደቦ የሚጠራ ሰው በተራው ደቦ ይወጣል። እሱ መቼ ነው የአጫጁን ማሳ የሚያጭደው?

ስለ ልጆችና ስለ ነፍሰ ጡሮች ሕጉ ጥብቅ ነው። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም። ከ15 እስከ 18 ያለ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ትርፍ ሰዓት፣ የሌሊት፣ የዕረፍት ቀንና የበዓል ሥራ ፈጽሞ አይሠራም። ነፍሰ ጡርም ሌሊትና ትርፍ ሰዓት አትሠራም። እዚህ ላይ የክፍያ ጥያቄ የለም። ቢከፈልም አይቻልም።

"ትንሹ ገበሬስ?" የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በማዳበሪያ ዋጋ ወገቡ የተሰበረ፣ ሁለት ጥማድ መሬት ያለው ሰው ስድስት አጫጅ ቀጥሮ ሰዓት ይቁጠር፣ መዝገብ ይያዝ ማለት ይከብዳል። እኔም ከሱ ይጀመር አልልም። መጀመር ያለበት ሒሳብ ሠራተኛ ካላቸው፣ ዘበኛ በር ላይ ካቆሙ፣ ኩንታል በሚዛን ከሚያስገቡ እርሻዎች ነው። የአየሁንና የብር ሸለቆን ያህል ስፋት ያለው እርሻ የገባውን በቆሎ በኪሎ ያውቃል። የገባውን ሰው በሰዓት ማወቅ አያቅተውም። ቡሬ ላይ ያለው የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ውስጥ በጣት አሻራ የሚፈርም ሠራተኛ አለ፤ ለዚያው ፋብሪካ ምርት የሚሰበስበው ሰው ግን ቀኑን በፀሐይ ነው የሚለካው። የመጀመሪያው ሥራ ይህን ልዩነት ማጥበብ ነው። ለትንሹ ገበሬ ቢያንስ ዋጋ ሲነጋገር "ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት" ብሎ መነጋገርን ማስለመድ ይበቃል።

የመንግሥት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ማሳ መውረድ አለባቸው። ከ2015 ክረምት ወዲህ ክልላችን ያለበትን ሁኔታ አልረሳሁም። መንገድ ሲዘጋ ተቆጣጣሪም አይሄድም፣ ፍርድ ቤትም አይሠራም። ሠራተኛውም ከሩቅ አገር ስለሚመጣ ከሰው ጋር መጣላት ይፈራል። ይህ ሁሉ እያለ ግን እርሻው አልቆመም። አጨዳው ይካሄዳል፤ ምርቱ ይጫናል። የሚጫን ምርት ካለ የሚመዘገብ ሰዓትም መኖር ይችላል።

የሠራተኛ ማኅበርም አለ። አንድ ድርጅት ውስጥ 10 ሠራተኛ ካለ ማኅበር መመሥረት ይቻላል። የእርሻ ሠራተኞች ብሔራዊ ፌዴሬሽንም ከኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ስር አለ። ችግሩ ማኅበሩ የሚያቅፈው በአብዛኛው ቋሚውን ሠራተኛ መሆኑ ነው። ለአንድ ወር የሚመጣው አጫጅ አባል ሳይሆን ይመጣል፣ አባል ሳይሆን ይሄዳል። በኅብረት ስምምነት ውስጥ ወቅታዊ ሠራተኛን የሚመለከት አንድ አንቀጽ፣ የሰዓት መዝገቡን ማኅበሩ እንዲያይ የሚፈቅድ አንድ መስመር ቢገባ ብዙ ይለወጣል።

ወደ ክስ ለሚሄድ ሰው ማወቅ ያለበትን ልጨርስ። በሥራ ክርክር ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። አቤቱታ አቀረብክ ብሎ ማባረር በአዋጁ ሕገ ወጥ ነው። ጊዜው ግን አጭር ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መቅረብ ያለበት መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነው። ከዚያ ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። ፍኖተ ሰላም ላይ ያገኘሁት ልጅ ኅዳር መጨረሻ ላይ ሊከፈለው የሚገባ ገንዘብ ቀርቶበት ከሆነ የመጠየቂያ ጊዜው ግንቦት መጨረሻ ላይ ያበቃል። ግንቦት ደግሞ እሱ አባቱ ማሳ ላይ ዕርፍ ጨብጦ የክረምቱን ዝናብ የሚጠብቅበት ወር ነው።